አራት የጥያቄ ምልክት

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የሰፈራችን እድር ማኅበራዊ ገጽ ይኑረው ተባለ፤ እሱም በራሱ ሰርቨር ላይ። የእድርተኛው ስም፣ ስልክና ሐዘን በማናውቀው ሰው ኮምፒውተር አይቀመጥም አሉ ሽማግሌዎቹ። እውነታቸውን ነው፤ ዛሬም እውነታቸውን ነው እላለሁ።

ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጫንኩ፤ አፓቼን፣ ፒኤችፒን፣ ማይኤስኪውኤልን አስከተልኩ። የዳታቤዙን በር፣ 3306ን፣ ከውጭ ዘጋሁት። ገጹን ለሚያሠራው ሶፍትዌርም የራሱን የይለፍ ቃል ሰጠሁት፤ ዋናው ቁልፍ ለማንም አይሰጥማ።

ማታ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሌሊት እየተነሱ መርዶ ሲያሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው። «የመጀመሪያውን እኔ ልጻፍ» አሉ። በዚያው ቀን አንዲት የሰፈር እናት አርፈው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው፣ ፊደሉን በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉና ላኩት።

ገጹ ተከፈተ። የሟች ስም አራት ፊደል ነበር፤ በቦታው ???? ተደርድሯል። በቃልና በቃል መካከል ያለው ክፍተት እንኳ ሳይነካ ተቀምጧል፤ ፊደሉ ብቻ የለም።

«ልጄ፣ ስማቸው የት ሄደ?»

የት ሄደ? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። እኔ የጫንኩት አሮጌ ማይኤስኪውኤል ግን ካልነገሩት በቀር በላቲን-1 ነው የሚመዘግበው፤ ለአንድ ፊደል አንድ ባይት። ይህ ልማዱ የቀረው በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው በስሪት 8.0 ነው። «ሀ»ን የሚያኖርበት ሲያጣ የጥያቄ ምልክት ይጽፋል። ከምልክቱ ሥር የተደበቀ ነገር የለም፤ በኋላ ቢያስተካክሉት ስሙ አይመለስም። እኔ ነበርኩ አስቀድሜ መንገር የነበረብኝ።

ዳታቤዙን አፈረስኩት። እንደገና ስፈጥረው በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መዝግብ አልኩት። ለግዕዙ የድሮው ባለሦስት ባይቱም ይበቃ ነበር፤ ወጣቶቹ ለልቅሶ የሚልኳት የምታለቅስ ፊት ግን አራት ባይት ትፈልጋለች።

ጋሼ ዳግመኛ ተቀመጡ። አሁን ቀስ አሉ፤ አንዷን ፊደል በጻፉ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል። ላኩት። አራቱም ፊደል ወጣ። ስሙን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

ዶሮ ሲጮህ ጥሩምባቸውን አንስተው ወጡ።