ቆጵሮስ ለዕረፍት ለሚሄዱ፦ ከቤት ሳይወጡ መጨረስ ያለበት ጉዳይ

ከእስራኤል ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ ማረፍ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የቀረበችው አገር ቆጵሮስ ናት። በዕብራይስጥ ካፍሪሲን ትባላለች። ከቤን ጉሪዮን የተነሣ አውሮፕላን ላርናካ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ከረሆቮት ተነሥቶ አውቶቡስ እየቀያየረ ኢየሩሳሌም የሚወጣ ሰው ከዚያ የበለጠ መንገድ ላይ ይቆያል። በሜዲትራኒያን ባሕር ካሉት ደሴቶች በስፋት ከሲሲሊና ከሰርዲኒያ ቀጥላ ሦስተኛ ናት። ገንዘቧ ከ2008 ጀምሮ ዩሮ ነው።

ቅርብ መሆኗ ግን ያዘናጋል። ልጆች «እማዬ፣ አንድ ሰዓት እኮ ነው!» ብለው ትኬቱን በስልካቸው ይገዛሉ፤ እናት ሻንጣ ታዘጋጃለች፤ ጉዞው ያለቀ ይመስላል። ዕድሜው ለገፋ መንገደኛ ዋናው ሥራ ገና አልተጀመረም። ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ስሕተት ደሴቲቱ ላይ አይደለም የሚሠራው። የሚሠራው እዚሁ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ፣ በዕብራይስጥ በሚደረግ የአምስት ደቂቃ የስልክ ንግግር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የብሔራዊ ጤና ኢንሹራንስ ሕግ የሚሸፍነው እዚህ አገር የሚሰጠውን ሕክምና ነው። ክላሊትም ሆነ መካቢ፣ መኡሔደትም ሆነ ለኡሚት፣ የኩፓት ሖሊም ካርድ ላርናካ ሆስፒታል ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ያስፈልጋል። ኢንሹራንስ የሚሸጠው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ስለ ጤና ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ነው ወግና ውል የሚጋጩት። በሐበሻ ልማድ ሰው ስለ ጤናው ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ጉልበቱ እያመመው፣ ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ፣ የስኳር መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ እየዋጠም መልሱ ያው ነው። ሕመምን ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ነውር ነው፤ ማማረርም ይመስላል። ስልክ የደወለችው ልጅ ግን ሰላምታ እየሰጠች አይደለም። ንግግሩ ይቀዳል። «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ሃጽሃራት ብሪዑት፣ ማለትም የጤና መግለጫ ሆኖ ይመዘገባል። መንገደኛው ሊማሶል ላይ ልቡን ቢያመውና ሆስፒታል ቢገባ፣ ኩባንያው የሕክምና ፋይሉን ከኩፓት ሖሊም ጠይቆ ያያል። ለዓመታት የልብ መድኃኒት ሲወስድ የኖረ ሰው «ምንም የለብኝም» ብሎ ከተገኘ፣ ኩባንያው ክፍያውን ሊቀንስ ወይም ጨርሶ ሊከለክል ይችላል። ያን ጊዜ ሒሳቡ የሚመጣው ለልጆች ነው።

ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ድንገት የመጣን አዲስ ሕመም ነው። ቀድሞ የነበረ ሕመም መንገድ ላይ ቢብስ የሚሸፍነው በተጨማሪ ክፍያ የሚገዛ ሌላ ክፍል ነው፤ በዕብራይስጥ ሃሕማራ ይሉታል። ይህን ቃል መያዝ ይጠቅማል። «ሃሕማራ አለው ወይ?» ብሎ ሳይጠይቁ ስልኩን መዝጋት አይገባም። ከዕድሜ ጋር ዋጋው ይጨምራል፤ አንዳንዴ ከአውሮፕላን ትኬቱ ይበልጣል። ከዚህ ላይ መቆጠብ ግን አያዋጣም፤ መቆጠብ ከተፈለገ ሆቴሉ ላይ ይሻላል።

ጥያቄው ስለ ነባር ሕመም ብቻ አይደለም። በቅርብ ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው እንደሆነ፣ መድኃኒት ተቀይሮ እንደሆነ፣ ውጤቱ ያልመጣ ምርመራ እንዳለ ይጠይቃሉ። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ሐኪም «ለማንኛውም እንየው» ብሎ ያዘዘው ምርመራ፣ ምንም ሕመም ባይገኝበትም፣ እየተካሄደ ያለ ቢሩር ነው፤ መነገር አለበት።

ከስልኩ በፊት ከቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የሕመሞችንና የመድኃኒቶችን ዝርዝር ማሳተም፣ አንዱን ቅጂ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ይገባል። የዕብራይስጡ ስልክ ሲመጣ ለማንበብ፣ የእንግሊዝኛው ሻንጣ ውስጥ ለመያዝ። አጠገብ ዕብራይስጥ የሚችል ሰው ይቀመጥ፤ ስልኩም ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ይከፈት። በልጅ ፊት ሕመሙን መናገር የሚከብደው አባት አለ፤ ከልጆቿ የደበቀችው ሕመም ያላት እናትም አለች። እንዲህ ከሆነ ልጁን ትቶ በክሊኒክ ያለችውን አማርኛ ተናጋሪ ነርስ ወይም መገሼር ማማከር ይቻላል። ዋናው ነገር እውነቱ በስልኩ ውስጥ መግባቱ ነው። ውሉ ሲመጣ እያንዳንዱ የተነገረ ሕመም በስሙ ተጽፎ እንደሆነ ማየት፣ ካልተጻፈ እንዲጻፍ መጠየቅ። የክሬዲት ካርድ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ የሚተማመንም አለ፤ ያ ብዙውን ጊዜ ከጉዞ በፊት ካልተጠየቀ አይሠራም፣ ነባር ሕመምንም እንዲሁ አይሸፍንም።

ሁለተኛው ስልክ ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ነው። የእርጅና አበል ለአንድ ሳምንት ዕረፍት አይቋረጥም። በአበሉ ላይ ሃሽላማት ሃሕናሳ የሚጨመርለት ሰው ግን በዓመት ስንት ጊዜና ስንት ቀን ከአገር መውጣት እንደሚችል ገደብ አለበት። በዚያው ዓመት ለለቅሶ ወይም ለሰርግ ኢትዮጵያ ደርሶ የመጣ ሰው ቀኑን ቆጥሮ ሊሆን ይችላል። መውጣትና መግባት ከድንበር መዝገብ ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ይደርሳል፤ «ማን ያውቃል» የሚባል ነገር የለም። ቤት የምትመጣ መጣፔለት ያላቸውም ስለ ሲዑድ አበላቸው አብረው ይጠይቁ። ጥያቄው ትኬት ከመገዛቱ በፊት ይሁን።

ትኬት ሲገዛ ደግሞ የስም ጣጣ አለ። በቤት አንድ ስም፣ አገር ሲገባ የተሰጠ የዕብራይስጥ ስም ሌላ፣ ዳርኮን ላይ ያለው ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። የልጅ ልጅ አያቱን «ሳራ» ብሎ የሚያውቃት ከሆነ ትኬቱንም በዚያ ስም ይገዛዋል፤ ዳርኮኑ ግን «ወርቅነሽ» ይላል። አየር መንገዱ የሚያየው ፓስፖርት ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ነው፤ አንድ ፊደል እንኳ መለየት የለበትም። የልደት ቀኑም እንዲሁ፤ እውነተኛው ልደት በመስከረም ይሁን በግንቦት፣ ትኬቱ ላይ የሚገባው ዳርኮን ላይ ያለው ቀን ነው። ፓስፖርቱ ከስድስት ወር በላይ የቀረው ቢሆን ይመረጣል። የእስራኤል ዳርኮን ላለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። በቅርብ ዓመታት የመጡና ዳርኮን ሳይሆን ተዑዳት መዓቫር የያዙ ግን ቴል አቪቭ ካለው የቆጵሮስ ኤምባሲ አስቀድመው መጠየቅ አለባቸው።

ሰዓቱም መታየት አለበት። ትኬት ላይ 14:00 የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ አያምታታም። የሚያምታታው ሌሊቱ ነው። «ማክሰኞ 00:40» ማለት ሰኞ ማታ ከቤት መውጣት ማለት ነው፤ ማክሰኞ ማታ የሄደ ሰው አውሮፕላኑን ከሃያ ሰዓት በፊት አጥቶታል። ዓርብ ከቀትር በኋላ የሚነሣ በረራም ርካሽ ቢሆን ለሰንበት አክባሪ አይመከርም፤ ትንሽ ከዘገየ ሰንበት መንገድ ላይ ይገባል። ከረሆቮት ባቡር የሚይዝ ቴል አቪቭ ላይ ይቀይራል፤ በሰንበት ባቡር የለም። ረጅም መሄድ የሚያደክመው ሰው ከጉዞው 48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ቢነገርለት በተሽከርካሪ ወንበር ይዘውት ይሄዳሉ፤ አይከፈልበትም።

መቼ ይኬዳል? ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከረሆቮት አያንስም፣ ዋጋውም ይወደዳል። ግንቦት መልካም ነው። ከበዓላቱ በኋላ ያለው የመከር ወቅትም እንዲሁ፤ ባሕሩ ገና ሞቃት ነው። በዚህ ጊዜ የሚሄድ ግን ስግድን ይቁጠር። ከዮም ኪፑር በኋላ 50ኛው ቀን ነውና በፈረንጅ አቆጣጠር በየዓመቱ ይዘዋወራል፤ የልጅ ልጆች ትኬት ሲገዙ ይህን አያስቡም።

ስንቅን በተመለከተ አንድ ሕግ አለ። ቆጵሮስ ከ2004 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፤ ኅብረቱም ከውጭ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት ይከለክላል። ቋንጣና ቅቤ፣ በቅቤ የተሠራ ወጥም ቢሆን፣ ከተገኘ ይወሰዳል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ ችግር የለባቸውም፤ ዱቄቱ ግን ፍተሻ ላይ ሊያስጠይቅ ስለሚችል ከፋብሪካ እንደታሸገ በትልቁ ሻንጣ ቢሆን ይሻላል። ኮሸር ምግብ የሚፈልግ ላርናካ ባለው የሐባድ ቤት በኩል አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል። መድኃኒት በሙሉ በእጅ ቦርሳ፣ በየካርቶኑ፣ ለተጨማሪ ጥቂት ቀናት የሚበቃ ሆኖ ይያዝ። ኢንሱሊን በትልቁ ሻንጣ ከተላከ ሊበርድና ሊበላሽ ይችላል።

ለማረፊያ ላርናካ ለሽማግሌ ትመቻለች። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ፊኒኩዴስ የሚባለው በዘንባባ የተሰለፈ የባሕር ዳር መንገድ ሜዳ ነው፣ አግዳሚ ወንበርም አያጣም። በክረምት በጨው ሐይቁ ላይ ፍላሚንጎ የሚባሉ ሮዝ ወፎች ያርፋሉ። ጥንታዊ ስሟ ኪቲዮን ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ከያዋን ልጆች ጋር የሚነሡት ኪቲም ከዚሁ ስም ጋር ይያያዛሉ። አያ ናፓ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚጨፍሩ ወጣቶች ከተማ ናት፤ እንቅልፍ ለሚወድ ሰው አትሆንም።

ከላርናካ ብዙ ሳይርቁ ኮርኖስ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ሸክላ የሴቶች ሙያ ነበር፤ ቀዩን አፈር በእጃቸው እየጠቀለሉ እንስራና ድስት ይሠሩ ነበር። በጎንደር ወለቃ ሸክላ ሲሠሩ ያደጉ እናቶች ይህን ሲያዩ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። ወደ ተራራው የሚወጣ ደግሞ ትሮዶስን ያገኛል። ትልቁ ጫፍ ኦሊምፖስ 1952 ሜትር ነው፤ በደሴቲቱ ሰዎች ዘንድ ትልቅ ከፍታ ነው፤ የጎንደር ከተማ ግን ከዚያ በላይ ነው የተቀመጠችው። ቢሆንም አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ጋቢ መያዝ አይከፋም።

በዚያው በላርናካ አካባቢ ክሲሎቲምቡ በምትባል መንደር አጠገብ፣ እንዲሁም በፋማጉስታ አቅራቢያ፣ ከነሐሴ 1946 እስከ የካቲት 1949 እንግሊዞች ወደ ምድረ እስራኤል የሚመጡ አይሁዶችን በሽቦ አጥር ውስጥ አስረው ይዘው ነበር። ከ52,000 በላይ ሰዎች በእነዚያ ካምፖች አልፈዋል፤ 2,200 ያህል ሕፃናትም እዚያው ተወልደዋል። አብዛኞቹ ከአውሮፓ እልቂት የተረፉ ነበሩ። በድንኳን ውስጥ ውሃ በመስፈሪያ እየተቀበሉ ተራቸውን ጠበቁ። በሱዳን ኡም ራኩባ የጠበቀ፣ ወይም በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታት የቆጠረ ሰው የዚህን ቦታ ታሪክ ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። የልጅ ልጆች አብረው ከሄዱ፣ ሁለቱን መጠበቅ አያይዞ ለመንገር ከባሕሩ ዳር የተሻለ ቦታ ነው።

መንገድ ማቋረጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መኪኖች በግራ በኩል ስለሚሄዱ መጀመሪያ የሚታየው ወደ ቀኝ ነው። የመብራት መሰኪያውም ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ የስልክና የጆሮ መስሚያ ባትሪ ለመሙላት ማገናኛ ይገዛ። ደሴቲቱ ከ1974 ጀምሮ ለሁለት የተከፈለች ናት። ሰሜኑን እንደ መንግሥት የምታውቀው ቱርክ ብቻ ናት፤ በደቡብ የተከራዩት መኪና ኢንሹራንስ እዚያ አይሠራም፣ የጉዞ ኢንሹራንሱም መሸፈኑ መጠየቅ አለበት። ርካሽ ሆቴል ሲገኝ ኪሬኒያ ወይም ፋማጉስታ የሚል ካለ ሰሜን ነውና ከመክፈል በፊት ልብ ይባል።

ለአደጋ ጊዜ የሚደወለው 112 ነው፤ 199ም ይሠራል። የኢንሹራንሱ የአስቸኳይ ስልክና የውሉ ቁጥር ግን በስልክ ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪም ያልቃል። በወረቀት ተጽፎ አንዱ በቦርሳ፣ አንዱ በመንገድ ጓደኛ ኪስ፣ አንዱ ረሆቮት ከቀሩት ልጆች ዘንድ ይሁን። ሕመም ሲጀምር፣ ሁኔታው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሆስፒታል ከመሄድ በፊት ለኢንሹራንሱ መደወል ያስፈልጋል። እዚያም «እንዴት ነዎት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ የሚያመውን ቦታ መናገር ነው።