ካሜራው ሄደ፣ ትምህርቱም አልቀረ፤ ከደብረ ዘይት እስከ እንጦጦ የኦፕቲክስ ታሪካችን

በጎሮና በሰሚት ሰማይ ላይ ዝቅ እያለ ከምሥራቅ ወደ ቦሌ የሚገባ አውሮፕላን አብራሪ ዓይኑ በመንደርደሪያው ዳር በተርታ የቆሙ አራት መብራቶችን ይፈልጋል። ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ቀይ ሆነው ከታዩት በትክክለኛው ቁልቁለት ላይ ነው። አራቱም ነጭ ከሆኑ ከፍ ብሏል፤ አራቱም ቀይ ከሆኑ ደግሞ ከሚገባው በታች ወርዷል።

መብራቶቹ ግን ቀለም አይቀያይሩም። በውስጣቸው ያለው ሌንስና ማጣሪያ ብርሃኑን ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ አድርጎ ይከፍለዋል። አብራሪው የሚያየውን ቀለም የሚወስነው እሱ ራሱ ያለበት ከፍታ ነው። ቁራጭ መስተዋትና በጥንቃቄ የተለካ ማዕዘን በየቀኑ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ይጠብቃሉ። ይህ ሙያ የኦፕቲክስ ምህንድስና ይባላል፤ ብርሃንን መሰብሰብ፣ ማጠፍ፣ መክፈልና ሥራ ላይ ማዋል ማለት ነው።

ይህን ሙያ መማር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወጣት ወዴት ይሂድ? ለጥያቄው መልስ ለማግኘት ወደ ኋላ ስድሳ ዓመት መመለስ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ዓይን፦ ደብረ ዘይት

እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ፣ አሜሪካኖች ከምድር ሆነው ሳተላይት የሚከታተሉበት ልዩ ካሜራ እያዘጋጁ ነበር። ካሜራው ቤከር ነን ይባላል። ሌንሶቹን የነደፈው ጄምስ ቤከር፣ ብረቱንና ማሽኑን የነደፈው ጆሴፍ ነን ስለሆኑ በሁለቱ ስም ተጠራ። ክብደቱ ወደ ሦስት ቶን ይጠጋል። ብርሃን የሚያስገባው ሌንስ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በዓለም ላይ የተሠሩት ጥቂት ብቻ ሲሆኑ፣ የስሚዝሶኒያን አስትሮፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በተለያዩ አህጉራት ተክሏቸዋል።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ ከእነዚህ አንዱ በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ ቆሞ ነበር። ከአዲስ አበባ በምሥራቁ መውጫ ተነስቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በወቅቱ ከዓለም ምርጥ የኦፕቲክስ ሥራዎች የሚቆጠር መሣሪያ በየሌሊቱ የሐበሻን ሰማይ ፎቶ ያነሳ ነበር። ከእንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች የተገኙት ፎቶግራፎች ተሰብስበው የምድርን ትክክለኛ ቅርጽና የስበቷን ልዩነት ለመለካት አገልግለዋል።

ከዚያስ? ሥራው አለቀና ጣቢያው ተዘጋ። በካሜራው ዙሪያ የበቀለ የኦፕቲክስ ትምህርት ክፍል ግን አልነበረም።

ሌላ ዓይነት ምሳሌ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1957 አባ ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቁመው ነበር። ያ ተቋም እስከ ዛሬ አለ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ በተሰማ ቁጥር አገሪቱ ጆሮዋን የምትሰጠው ለዚያ ለወጡ ባለሙያዎች ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንደኛው መሣሪያ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ታስሮ ተተከለ፣ ሌላው የእንግዳ ዕቃ ሆኖ መጥቶ ሄደ።

ጠመኔና ሰሌዳ

ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የብርሃን ትምህርት በአራት ኪሎ የፊዚክስ ክፍል ውስጥ ኖረ። በተለይ ኳንተም ኦፕቲክስ ሥር ሰደደ። ፕሮፌሰር ፍሥሐ ካሣሁን በዘርፉ መጽሐፍ እስከመጻፍ ደርሰዋል፤ ተማሪዎችም ስለ ሌዘርና ስለ “ታመቀ ብርሃን” በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ጽሑፍ አሳትመዋል። የታመቀ ብርሃን ማለት ተፈጥሯዊ መንቀጥቀጡ በአንድ በኩል እንዲቀንስ ተደርጎ የተሠራ ብርሃን ነው። የስበት ሞገድን የሚያድነው የአሜሪካው ላይጎ ከ2019 ጀምሮ የመሣሪያውን ስሜት ለማሳደግ የተጠቀመበት ይህንኑ ነው።

ይህ የሚያኮራ ነው፤ የሚያስቆጭም ነው። ንድፈ ሐሳብ ጠመኔ፣ ሰሌዳና ብሩህ አእምሮ ይበቃዋል። ምህንድስና ግን ሌንስ የሚሞርዱበት፣ ሌዘር የሚያስተካክሉበት፣ የሚሰብሩበትና እንደገና የሚሞክሩበት ክፍል ይፈልጋል።

ሁለተኛው ዓይን፦ እንጦጦ

በ1996 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎች የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን ሲመሠርቱ ብዙ ሰው ሳቀባቸው። እንጀራ ሳይጠገብ ስለ ከዋክብት ማውራት እብደት መሰለ። እነሱ ግን ገፉበት። እ.ኤ.አ. በ2015፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት “ዓለም አቀፍ የብርሃን ዓመት” ብሎ በሰየመው ዓመት፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበሩ። ከ3 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጠውን ወጪ የሸፈኑት ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው።

ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ ባለሥልጣናትና ተመራማሪዎች በዚሁ እንጦጦ ተሰብስበው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ በቀጥታ ስርጭት ተከታተሉ። ኢቲአርኤስኤስ 1 ወደ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ሆና መሬትን የምታይ ካሜራ ነበረች። በምስሏ ላይ አንዷ ነጥብ 13.7 ሜትር ያህል መሬት ትወክላለች። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በሥራው ተሳትፈዋል፤ ከወጪው አብዛኛውን የከፈለችው ግን ቻይና ናት።

እዚህ ላይ ቻይና ራሷ እንዴት እዚያ እንደደረሰች ማየት ይገባል። በእንግሊዝ አገር ኦፕቲክስ ተምሮ በመስተዋት ፋብሪካ የሠራው ዋንግ ዳሄንግ በ1948 (እ.ኤ.አ.) ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1952 በቻንግቹን ከተማ የኦፕቲክስ ተቋም ተመሠረተ፤ እሱም መሪው ሆነ። ተቋሙ በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱን የመጀመሪያ የኦፕቲክስ መስተዋት አቀለጠ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ በዚያው ከተማ የኦፕቲክስ ኮሌጅ ተከፈተ። ያኔ ቻይና ከጦርነት የወጣች ደሃ አገር ነበረች። የጀመረችው ከሳተላይት ሳይሆን ከመስተዋትና ከመምህር ነው።

ሰማዩን የጋረደው ብርሃን

የእንጦጦ ቴሌስኮፖች ሁለት ጠላት አላቸው። አንደኛው የክረምት ደመና ነው፤ ለሱ መላ የለውም። ሁለተኛው ከተማዋ ራሷ ናት። ሲኤምሲ፣ አያት፣ ሰሚት፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ እርሻና ሜዳ በነበሩበት ሰማዩ ጨለማ ነበር። ዛሬ ምሥራቁ አዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ ያበራል። ከቦሌ እስከ መገናኛ የተዘረጋው የኮሪደር ልማትም መንገዱን በመብራት አስጊጦታል። ለተሻለ ሰማይ ሲባል የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለሌላ ኦብዘርቫቶሪ ሲጠኑ ቆይተዋል።

ከተማዋ ትጨልም የሚል የለም። ለእግረኛዋ ሴት የመንገድ መብራት ደኅንነት ነው። ነገር ግን ወደ ላይ የሚረጭ ብርሃን ለእግረኛዋም አይጠቅማትም፤ የሚባክን ኤሌክትሪክ ነው። ሰማያዊ የሚበዛበት ነጭ ብርሃን ደግሞ በአየር ውስጥ አብዝቶ ስለሚበተን ሰማዩን ይበልጥ ይጋርዳል። መፍትሔው ክዳን ያለው፣ ብርሃኑን ወደ አስፋልቱ ብቻ የሚያወርድና ሞቅ ያለ ቀለም ያለው መብራት ነው። የስፔን ካናሪ ደሴቶች ለኦብዘርቫቶሪዎቻቸው ሲሉ ይህን ከ1988 ጀምሮ በሕግ ደንግገዋል። እንዲህ ዓይነቱን መብራት የሚመርጥ፣ የሚለካና ጨረታው ላይ “ይሄ አይሆንም” የሚል ሰው ነው የኦፕቲክስ መሐንዲስ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

“ሥራ ለሌለው ሙያ ትምህርት ክፍል መክፈት ሥራ አጥ ማምረት ነው” የሚል ክርክር አለ፤ ከባድ ክርክር ነው። ራሱን የቻለ ትልቅ ዲፓርትመንት ለመክፈት ጊዜው ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ሥራው የለም ማለት አይቻልም። ኢንተርኔታችን ከባሕር ተነስቶ በጂቡቲ በኩል የሚገባው በፋይበር ውስጥ በሚሮጥ ብርሃን ነው። መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ይቆረጣል፣ ባለሙያ ሄዶ ይቀጥለዋል። የሆስፒታል ማይክሮስኮፕ፣ የአውሮፕላን ሞተር ውስጡ የሚፈተሽበት ካሜራ፣ የመነጽር ሌንስ፣ የመንገድ መብራት ሁሉ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ። ሲበላሹም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ይገዛል።

ስለዚህ መጀመሪያው ትንሽ ሊሆን ይችላል። በአራት ኪሎ ፊዚክስ ወይም በ2003 ዓ.ም. በተቋቋመው፣ በቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ሥር አንድ የኦፕቲክስ ዘርፍና አንድ የተሟላ ላቦራቶሪ ይከፈት። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የቦሌን የመንገድ መብራት ይለኩ፣ የእንጦጦን መስተዋት ይጠግኑ፣ የተቆረጠ ፋይበር ይቀጥሉ። እንጦጦም የጉብኝት ቦታ ብቻ ሳይሆን የተግባር መማሪያ ይሁን።

የደብረ ዘይቱ ካሜራ በመሄዱ ማንም አይወቀስም፤ የሰው ንብረት ነበር። የእንጦጦዎቹ ቴሌስኮፖች ግን የራሳችን ናቸው። መስተዋቶቻቸው ሲያረጁ የሚያድሳቸው እጅ ከዚሁ አገር ካልወጣ፣ ሁለተኛው ዓይን እንደ መጀመሪያው ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።