ንጉሡ በሥዕል ሲወድቁ

ከጎንደር በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ወለቃን መንገደኛ የሚያውቃት በሸክላዋና ቀድሞ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት ስለ ነበር ነው። እኔን ግን ከሸክላው ይልቅ የያዘኝ እዚያው አንድ ቤት ግድግዳ ላይ ያየሁት፣ በአቡጀዲ የተሣለ የመተማ ጦርነት ሥዕል ነው። ሠዓሊው ስሙን አልጻፈበትም።

በስተግራ የኢትዮጵያ ሠራዊት ጋሻና ጎራዴ ይዞ፣ ፊቱን በሙሉ ወደ ተመልካቹ አዙሮ ይታያል። በስተቀኝ ያለው ድርቡሽ ግን የጎን ፊቱና አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የተሣለው። ይህ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወረሰ ሥርዐት ነው፤ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በአንድ ዓይን ይሣላል። በመካከሉ አፄ ዮሐንስ በፈረስ ላይ ናቸው። ከእጃቸው ደም ይንጠባጠባል፤ ሁለቱ ዓይኖቻቸው ግን እኛን ያያሉ።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ቀደም ሲል በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል ነሥተው ጎንደርን አቃጥለዋል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከቃጠሎው ተርፏል። ስለዚህ መተማ ለጎንደር ሰው የሩቅ ጦርነት አይደለም። የኢትዮጵያ ጦር የመተማን አጥር ጥሶ ድሉን ሊጨብጥ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ ቆሰሉ፤ ከጦር ሜዳው ወደ ድንኳን ተወስደው በማግሥቱ ዐረፉ። ሠራዊቱ ተበተነ። ሬሳቸውን ይዞ የሚመለሰው ጓድ አትባራ ወንዝ አጠገብ ተደረሰበት፤ አጎታቸው ራስ አርአያ እዚያው ወደቁ፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ከዚህ ሁሉ ሥዕሉ ላይ ያለው ቁስሉ ብቻ ነው።

ሠዓሊ የጀግናን ሞት ሲያርም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት ተመትቶ፣ በመርከቡ ታችኛ ክፍል ጨለማ ውስጥ ከሦስት ሰዓት በላይ ሲያጣጥር ቆይቶ ሞተ። ቤንጃሚን ዌስት ግን በ1806 በሣለው ሥዕል ሞቱን ወደ መርከቡ ወለል አውጥቶ ብዙ ሰው ሰበሰበለት፤ ጀግና በጨለማ ጉድጓድ ሊሞት አይገባውም ባይ ነበር። አርተር ዴቪስ በተከታዩ ዓመት ያንኑ ጨለማ ሣለ። እንግሊዞቹ እንግዲህ ሁለቱንም አላቸው።

የወለቃው ሠዓሊም ድንኳኑን ትቷል። ይሁን እንጂ ዌስት ሟቹን ሲያጋድመው፣ የእኛው በኮርቻ ላይ አቁሞታል። የታሪክ ሰው ይህን ስሕተት ይለው ይሆናል፤ እኔም አስተማሪ እንደመሆኔ መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነበር። አሁን ግን በዚህ ፍርድ አልረካም። የሥዕሉ ሥርዐት ራሱ ሠዓሊውን ያስገድደዋል፤ ጻድቅ ወደ ተመልካቹ ይመልከት ከተባለ፣ ራሱ የተቆረጠ ንጉሥ ዓይኑን ወዴት ያዙር? የተሣለው ስለ መጋቢት 1 ይነግረናል፤ ያልተሣለው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሰዉን ምን ያህል እንዳመመው።

የቤቱን ባለቤት፣ «አባባ፣ የአትባራው ለምን ቀረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሥዕሉን ቀና ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኸ እኮ ከመኝታዬ ፊት ለፊት ነው የተሰቀለው» አሉኝ።