ባለቤታቸው ያልተመለሰባቸው ሻንጣዎች

ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚወጣ አእምሮው የታወከ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይወጣም፤ እናቱ ወይም ወንድሙ ስንቁንና ጋቢውን ተሸክሞ ይከተለዋል፤ ሲመለስም ጓዙ አብሮት ይመለሳል። በአገራችን የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ስለ ኖረ፥ የሚበዛው ሕመምተኛ በዘመድ እጅ ቀረ። በዘመድ እጅ መቅረት ሁልጊዜ መልካም ነበር ለማለት አይደለም፤ በቤት ውስጥ የታሰረም አለና።

በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ሲልቬስተር ዊላርድ የተባለ ሐኪም በየአውራጃው የድኾች ቤት ታጉረው የሚኖሩትን የአእምሮ ሕሙማን መከራ መርምሮ ለመንግሥት አስታወቀ። እርሱ በ1865 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ሞተ፤ በስሙ የተጠራው ታላቅ ቤት በሴኔካ ሐይቅ ዳር በ1869 ተከፈተ። እስከ ተዘጋበት እስከ 1995 ድረስም ከ50,000 የሚበልጥ ሰው ተቀበለ፤ ከእነዚህም እኩሌታ የሚያህሉት ከዚያው ሳይወጡ ሞቱ።

ቤቱ ሊዘጋ ሲል አንዲት ሠራተኛ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ቆጥ ላይ ከ400 የሚበልጡ ሻንጣዎችና ሣጥኖች አገኘች። ከ1910 ገደማ እስከ 1960ዎቹ ድረስ የገቡ ሕሙማን ጓዝ ነበሩ። ሕመምተኛው ሲገባ ሻንጣውን ተቀብለው ያስቀምጡለታል፤ ሲወጣ ሊመልሱለት። አልወጣም።

የግዛቱ ሙዚየም ዕቃውን ተረክቦ፥ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልሎ በጥጥ ጥብጣብ አሰረው፤ በ2004ም ለሕዝብ አሳየ። ጆን ክሪስፒን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አነሣቸው፤ ጥቅሉን ከነጥብጣቡ፥ ኋላም ውስጡን። ደብዳቤ፥ ልብስ፥ ጫማ፥ መርፌና ክር፥ የዘመድ ሥዕል። የሐኪሙ መዝገብ ስለ ሕመሙ ይናገራል፤ ሻንጣው ግን ሰውዬው እደርስበታለሁ ብሎ ያሰበውን ኑሮ ያሳያል። በጥንቃቄ የታጠፈ ልብስ ያስቀመጠ ሰው ሊለብሰው አስቦ ነበር።

የሕመምተኛን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ ሙሉ ስም መግለጥን ስለ ከለከለ፥ ፎቶግራፎቹ የወጡት በፊተኛው ስምና ከአባት ስም በተወሰደ አንድ ፊደል ብቻ ነው። ሕጉ የወጣው ስለ ሰው ክብር ነው፤ ይህን መንቀፍ አይገባም። ዳሩ ግን ከቤቱ አጠገብ ባለው መካነ መቃብር ከ5,700 የሚበልጡ ሰዎች የተቀበሩት በስም ሳይሆን በቍጥር ነውና፥ ያው ሕግ እዚህ ላይ ጠባቂ መሆኑ ቀርቶ ሁለተኛ መቃብር ይመስላል።

ከሕሙማኑ አንዱ ሎውረንስ ሞቻ ለሠላሳ ዓመት ያህል የዚያ ስፍራ መቃብር ቈፋሪ ነበር፤ ከ1,500 የሚበልጡ መቃብሮችን በእጁ ቈፈረ፤ በ1968 በ90 ዓመቱ ሲሞትም ከእነርሱ መካከል ያለ ስም ተቀበረ። ዘመድ ተገኝቶ ስሙ እንዲገለጥ ስለ ፈቀደ፥ በ2015 ስሙ የተጻፈበት መታሰቢያ ቆመለት። እርሱ ከቀበራቸው ብዙዎቹ ዛሬም በቍጥራቸው ናቸው።