የመድኃኒትን አሠራር በስሌት የሚያጠናው የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን

አይቨርሜክቲን በእንስሳት እርባታ ለተሰማራ አርሶ አደርና አርብቶ አደር እንግዳ መድኃኒት አይደለም። የበግ፣ የፍየልና የከብት የውስጥ ክብ ትሎችን እንዲሁም እንደ እከክ ያሉ የቆዳ ተባዮችን ለመቆጣጠር ይውላል። በሰው ላይ ደግሞ በወራጅ ውኃ ዳር በሚራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውንና ለዓይነ ስውርነት የሚዳርገውን ኦንኮሰርሲያሲስ ለመግታት ይታደላል። በምዕራብ ጎንደር የመተማ አካባቢ ነዋሪዎችም ለዚሁ ዓላማ ወስደውታል። ለመድኃኒቱ ግኝት መሠረት የጣሉት ሳቶሺ ኦሙራ እና ዊሊያም ካምቤል እ.ኤ.አ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

መድኃኒቱ በሥራ ላይ ከዋለ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። በትሉ አካል ውስጥ በየትኛው ስፍራ እንደሚያርፍና እዚያ ምን እንደሚያደርግ በአቶም ደረጃ ማየት የተቻለው ግን ዘግይቶ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጥናት መሣሪያ ከሚያዘጋጁት መካከል በስዊድን የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ የባዮፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ሊንዳል የሚመሩት የምርምር ቡድን ይገኝበታል። ቡድኑ በሁለት መስኮች ስልተ ቀመሮችን ያበለጽጋል፤ አንዱ ስሌታዊ ኬሚስትሪ ሲሆን ሁለተኛው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስሎችን ማቀናበር ነው።

ከጭጋጋማ ምስል ወደ ጠራ ቅርጽ

ፕሮቲን በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። በመሆኑም ተመራማሪዎች ናሙናውን በቅጽበት አቀዝቅዘው በስስ የበረዶ ንብርብር ውስጥ ካስቀመጡት በኋላ በኤሌክትሮን ጨረር ፎቶ ያነሡታል። ይህን ዘዴ ያዳበሩ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ በ2017 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ጨረሩ ሲበረታ ፕሮቲኑን ስለሚጎዳው በአነስተኛ መጠን ብቻ ይለቀቃል፤ ምስሉም ጭጋግ እንደሸፈነው ነገር ይደበዝዛል።

ስልተ ቀመር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ደብዛዛ ምስሎችን ያነጻጽራል፤ እያንዳንዱ ከየትኛው አቅጣጫ እንደተነሣ ይገምታል፤ ከዚያም ሁሉንም አዋሕዶ የፕሮቲኑን ቅርጽ በሦስት ገጽታ ያወጣል። ለዚህ ሥራ በስፋት ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ በእንግሊዝ ካምብሪጅ የተጀመረው ሬሊዮን ነው። እ.ኤ.አ በ2016 የስቶክሆልሙ ቡድን ከካምብሪጅ ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር ሬሊዮን በግራፊክስ ካርድ ላይ እንዲሠራ አድርጎታል። በዚህም ቀድሞ ትልቅ የኮምፒውተር ማዕከል ይጠይቅ የነበረው ስሌት በአንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር በጥቂት ቀናት የሚጠናቀቅ ሆኗል።

የቆመው ምስል ሲንቀሳቀስ

ይሁን እንጂ ቅርጹ ብቻውን የቆመ ፎቶ ነው፤ ፕሮቲን ግን ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። እንቅስቃሴውን ለማወቅ ቡድኑ ግሮማክስ የተባለውን ፕሮግራም ይጠቀማል፤ ያበለጽገዋልም። ግሮማክስ በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ የተጀመረ ሲሆን፣ አሁን እድገቱ በዋናነት የሚመራው ከስዊድን ነው።

ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ አቶም ላይ የሚያርፈውን ኃይል አስልቶ አቶሙን በጥቂቱ ያንቀሳቅሰዋል፤ ከዚያም እንደገና ያሰላል። የአንዱ እርምጃ ርዝመት ብዙውን ጊዜ 2 ፌምቶሰከንድ ነው። አንድ ሰከንድ በሚሊዮን ቢሊዮን ቦታ ቢከፈል፣ ፌምቶሰከንድ ከክፍልፋዮቹ አንዱ ነው። በመሆኑም የሰከንድን አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ለመከታተል 500 ሚሊዮን እርምጃዎች ያስፈልጋሉ። የስልተ ቀመሩ ፍጥነት ትልቅ ዋጋ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በትሉ ነርቭ ላይ ያለው በር

የአይቨርሜክቲን ዒላማ በትሉ የነርቭና የጡንቻ ሕዋሳት ሽፋን ላይ የሚገኝ፣ ክሎራይድን የሚያሳልፍ በር መሰል ፕሮቲን ነው። በሩ በክብ ከተደረደሩ አምስት ክፍሎች የተሠራ ነው። በሰውና በከብት አካል ውስጥ ይህ ዓይነቱ በር አለመኖሩ መድኃኒቱ በተገቢው መጠን ሲሰጥ ትሉን ለይቶ እንዲያጠቃ ይረዳዋል። እ.ኤ.አ በ2011 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች በኤክስሬይ ዘዴ የበሩን ቅርጽ ከነመድኃኒቱ ይፋ አደረጉ፤ አይቨርሜክቲን በክፍሎቹ መካከል እንደ ሽብልቅ ገብቶ ታየ።

የሊንዳል ቡድን እ.ኤ.አ በ2013 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ፕሮቲን መድኃኒቱ ባለበትና በሌለበት ሁኔታ በኮምፒውተር አንቀሳቅሶ አነጻጽሯል። መድኃኒቱ ሲወጣ ክፍሎቹ ቢያንስ በ0.2 ናኖሜትር እርስ በርስ ተቀራረቡ፤ መተላለፊያውም ጠበበ። ውጤቱ አይቨርሜክቲን በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል የሚለውን ሐሳብ አጠናክሯል። በሩ ሳይዘጋ ሲቀር ክሎራይድ ወደ ሕዋሱ ይፈስሳል፤ ትሉም ሽባ ይሆናል።

ለእንስሳት ጤና ያለው ትርጉም

በበግና በፍየል ጨጓራ ደም የሚመጥጠው ትል በበርካታ የዓለም አካባቢዎች ለአይቨርሜክቲን አልበገር ማለት ጀምሯል። በቤተ ሙከራ በተጠኑ ትሎች ላይ የበሩ ጂኖች ሲለወጡ መድኃኒቱ ኃይሉን እንደሚያጣ ታይቷል። በመስክ ላይ ያለው መላመድ ግን ሌሎች ምክንያቶችም አሉት፤ ከእነዚህም መካከል የእንስሳውን ክብደት አሳንሶ በመገመት ያነሰ መጠን መስጠትና አንዱን መድኃኒት ሳይቀያይሩ መደጋገም ይጠቀሳሉ።

አዲስ መድኃኒት መሥራት የነባሩን አሠራር ጠንቅቆ ማወቅን ይጠይቃል። ግሮማክስና ሬሊዮን ያለ ክፍያ የሚገኙና የውስጥ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች ናቸው። በመሆኑም ተገቢው ኮምፒውተርና የሠለጠነ ሰው ያለው ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ፈቃድ መግዛት ሳያስፈልገው ሊጠቀምባቸው ይችላል። እስከዚያው ነባሩ መድኃኒት ኃይሉን እንደያዘ እንዲቆይ የእንስሳውን ክብደት በትክክል መለካትና በእንስሳት ጤና ባለሙያ ትእዛዝ መስጠት ተገቢ ነው።