በጨፋ ሸለቆ የእርጉዝ ከብቶች የጋራ በረት አሠራርና አያያዝ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ከሚሴ አካባቢ ሲደርስ በቦርከና ወንዝ ግራና ቀኝ የተንጣለለውን የጨፋን ረግረጋማ ሜዳ ይመለከታል። ሜዳው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ነዋሪዎች የግጦሽ መሬት ሲሆን፣ በበጋ ወራት ከአፋር ቆላ የሚመጡ አርብቶ አደሮችም መንጋቸውን ያሰማሩበታል።

መንጋው ሲመሽ በአንድ አጥር ውስጥ ያድራል። በሬው፣ ጊደሯ፣ የምታጠባዋ ላምና ልትወልድ ጥቂት ቀናት የቀሯት ላም አይለያዩም። ከብት በተፈጥሮው የመንጋ እንስሳ በመሆኑ ለብቻው መታሰር ያስጨንቀዋልና፣ ይህ የቆየ ልማድ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ጉድለቱ ያለው በረቱ ሲሠራ እርጉዞቹ ታሳቢ ባለመደረጋቸው ላይ ነው።

የላም እርግዝና 9 ወር ከ10 ቀን ገደማ፣ የፍየል ደግሞ 5 ወር ያህል ይወስዳል። አብዛኛው የጽንሱ ክብደት የሚጨምረው በመጨረሻው የእርግዝና ሲሶ ሲሆን፣ ይህ ጊዜ መኖ ከሚያጥርበት የበጋ ወራት ጋር ሲገጥም እናቲቱ የገዛ ሰውነቷን እያሟጠጠች ጽንሱን ትመግባለች። የአገር ዝርያ ላሞች በሁለት ወሊዶች መካከል ብዙውን ጊዜ ከዓመት ተመንፈቅ እስከ 2 ዓመት ይቆያሉ። ስለዚህ በቀንድ ተወግታ ወይም ጭቃ አንሸራቷት የጨነገፈች አንዲት ላም ቤተሰቡን ጥጃም የብዙ ወራት ወተትም ታሳጣዋለች።

እርጉዝ እንስሳትን በቡድን የማኖር ጉዳይ በዓለም በስፋት የተጠናውና በሕግ የተደነገገው በአሳማ ርባታ ነው። አሳማ በዞኑ የማይረባ እንስሳ ቢሆንም፣ ከዚያ የተገኘው ልምድ ለላምና ለፍየል በረት ትምህርት ይሰጣል። በአውሮፓ በበርካታ እርባታዎች እናት አሳማ 115 ቀን ገደማ የሚሆነውን የእርግዝና ጊዜዋን ዞራ መቆም እንኳ በማትችልበት ጠባብ የብረት ጋጣ ውስጥ ታሳልፍ ነበር። ብሪታንያ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1999 ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ከ2013 መግቢያ ጀምሮ አሳማዎቹ ከተጠቁ 4 ሳምንት በኋላ፣ ሊወልዱ 1 ሳምንት እስኪቀራቸው ድረስ በቡድን እንዲኖሩ አስገድዷል። ለአንዲት የወለደች አሳማ የተመደበው የወለል ስፋት በመደበኛነት 2 ነጥብ 25 ካሬ ሜትር ነው።

ይሁንና ጋጣውን ማፍረስ ብቻውን በቂ አልሆነም። አዲስ የተቀላቀሉት አሳማዎች የበላይና የበታች እስኪለዩ ድረስ ይነካከሳሉ፤ መኖ በአንድ ሥፍራ ሲቀርብም ጉልበተኛዋ ትወፍራለች፣ ደካማዋ ትከሳለች። በመሆኑም የመመገቢያውን ቦታ በግርዶሽ መከፋፈል፣ ለመሸሻ የሚሆን ክፍት ቦታ መተው፣ ሆድ የሚሞላ ገለባ ነክ መኖ መጨመርና የቡድኑን አባላት ደጋግሞ አለመቀያየር የአሠራሩ መሠረት ሆነዋል።

በጨፋም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። የማሽላ አገዳ በአንድ ክምር ሲቀርብ ባለ ረጅም ቀንዷ ላም ሌሎቹን ታባርራለች፤ በመጀመሪያ የምትባረረውም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ጽንሷን የተሸከመችው ጊደር ናት። ለአንዲት ላም ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር የግርግም ርዝመት ቢመደብና ግርግሙ በሁለት አቅጣጫ ቢሠራ መገፋፋቱ ይቀንሳል። ወጪውም ጥቂት አጠናና ሚስማር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጭቃው ነው። የሸለቆው አፈር ውኃ ይቋጥራል፤ በክረምት በረቱ ውስጥ እበትና ሽንት ከዝናቡ ጋር ተቀላቅለው ቁርጭምጭሚት ይውጣሉ። እርጉዝ ላም ደረቅ ማረፊያ ካጣች ቆማ ታድራለች፣ ሰኮናዋ ይበሰብሳል፣ ጡቷም ለበሽታ ይጋለጣል። ስለዚህ በረቱ ከሜዳው ከፍ ባለ ሥፍራ ቢሠራ፣ ወለሉ በጠጠር ተደልድሎ ወደ አንድ ወገን ጥቂት ቢያዘቀዝቅ፣ ማረፊያውም ገለባ ቢነጠፍበት ይመረጣል። ሙቀቱን ለመቀነስ የጣሪያው ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሆናል፤ ግድግዳውም ነፋስ እንዲያሳልፍ ግማሽ ድረስ ብቻ ይሠራል።

ረግረጉ ሌላም መዘዝ አለው። በውስጡ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የጉበት ትል ስለሚያስተላልፉ፣ ከውኃው ጠርዝ የታጨደ ሣር በሚገባ ደርቆና ቆይቶ ቢሰጥ ይሻላል። በመድኃኒት በኩል አልቤንዳዞል በእርግዝናው የመጀመሪያ 45 ቀናት ለላም ሊሰጥ አይገባም። የተጠቃችበት ቀን ካልተመዘገበ ግን ይህን መለየት ለእንስሳት ሐኪሙም ያስቸግረዋል።

በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የወተት ርባታን ሲያበረታታ፣ በቤት የሚቀለቡ ላሞች ይበረክታሉ። ንድፍ የሚያጸድቁ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የላሞቹን ቁጥር ብቻ ከመጠየቅ አልፈው የወለሉን ተዳፋት፣ የግርግሙን ርዝመትና የመውለጃውን ክፍል ቢያዩ በኋላ አፍርሶ ከመሥራት ይድናሉ። መውለጃው ከመንጋው ተከልሎ፣ ላሟ ጓደኞቿን በዓይን ልታይበት የምትችል ቢሆን ይመረጣል።

በዚያው ክፍል አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ ሊኖር ይገባል። ብሩሴሎሲስ የተባለው የውርጃ በሽታ በጨነገፈው ጽንስ፣ በእንግዴ ልጁና በፈሳሹ ወደ ሌሎች እርጉዞች ይዛመታል፤ ጥሬ ወተት ወደሚጠጣና በባዶ እጁ ወደሚያዋልድ ሰውም ይተላለፋል። ስለዚህ የጨነገፈች ላም ወዲያው ትለያለች፣ ጽንሱና እንግዴ ልጁ ውሻ በማይደርስበት ጉድጓድ ይቀበራሉ ወይም ይቃጠላሉ፣ ወተቱም ሳይፈላ አይጠጣም።