«የካናዳ ልምድ አለዎትን?»

በቶሮንቶ ከተማ ቤይ ስትሪት የሚባለው ጎዳና የካናዳ ታላላቅ ባንኮችና የሒሳብ ምርመራ ድርጅቶች የተሰበሰቡበት የገንዘብ ሠፈር ነው። ዲግሪውንና የሥራ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደዚህ ሠፈር የመጣ ብዙ የውጭ አገር የሒሳብ ባለሙያ ገና ከደጁ የሚቀርብለት ጥያቄ ስለ መዝገብ አያያዝም ሆነ ስለ ወለድ ስሌት አልነበረም። ጥያቄው «የካናዳ ልምድ አለዎትን?» የሚል ነበር።

የነገሩ አመጣጥ ከ1967 ዓ.ም. ጋር የተያያዘ ነው (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ካናዳ ቀደም ሲል የውጭ ሰው የምትቀበለው ዘሩንና የትውልድ አገሩን እየመረጠች ነበር። በ1962 የወጣው ደንብ ይህን አድልዎ በአብዛኛው አስቀረ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም በሰው ኃይልና ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ምክትል ሚኒስትር በነበሩት በቶም ኬንት ዘመን የነጥብ አሠራር ተተከለ። ከ100 ነጥብ 50 ያገኘ አመልካች ይገባል። ለትምህርት እስከ 20፣ ለዕድሜ፣ ለቋንቋና ለሙያ ችሎታ ለየአንዳንዱ እስከ 10፣ የኢሚግሬሽኑ ሹም ስለ ሰውየው ጠባይ ለሚሰጠው ግምት ደግሞ እስከ 15 ይያዝ ነበር። የሹሙ ግምት ከቋንቋ ዕውቀት የበለጠ መመዘኑ ያስገርም ይሆናል። ሆኖም መለኪያው በጽሑፍ የታወቀ በመሆኑ ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ጉድለቱ ይህ ሚዛን ከድንበር ወዲህ አለመዝለቁ ነው። መንግሥት ነጥብ ቈጥሮ ያስገባውን ሰው አሠሪው በራሱ ሚዛን እንደገና ይመዝነዋል፤ በዚያኛው ሚዛን ላይ በውጭ አገር ባንክ የተሠራ ዐሥር ዓመት ክብደት አልነበረውም። ልምድ ያለ ሥራ አይገኝም፤ ሥራውም ያለ ልምድ አይሰጥም። የባንክ ተቆጣጣሪ የነበረ ሰው በገንዘብ ተቀባይነት መስኮት ለመጀመር ይገደዳል፤ ይህም ቢሆን የሚገኘው ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ነው።

ለአሠሪዎቹ ፍርድ መስጠት ካስፈለገ ሥጋታቸው ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። የካናዳ የግብር ሕግ የራሱ ጠባይ አለው፤ የሒሳብ አያያዝ ደንቧም ለብዙ ዘመን የራሷ ነበር። ነገር ግን ከ2011 መጀመሪያ አንሥቶ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ የካናዳ ኩባንያዎች ዓለም አቀፉን የሒሳብ ሪፖርት ደንብ እንዲከተሉ ተደረገ። ይኸውም በብዙ አገሮች የሚሠራበት ያው ደንብ ነው። ስለዚህ የሙያው ምክንያት ሳሳ፤ ጥያቄው ግን አልሳሳም።

ለምን እንዳልሳሳ የሚያመለክት አንድ ሙከራ አለ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የኤኮኖሚ ሊቅ ፊሊፕ ኦሪዮፑሎስ ለሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የፈጠራ ማመልከቻዎችን ልከው ውጤቱን በ2011 አሳተሙ። ትምህርቱም ልምዱም የካናዳ ሆኖ ሳለ የእንግሊዝ ስም የያዘው ማመልከቻ የሕንድ፣ የፓኪስታን ወይም የቻይና ስም ከያዘው ይልቅ ወደ 40 በመቶ የበለጠ የቃለ መጠይቅ ጥሪ አገኘ። ልምዱ የውጭ አገር ሲሆን ጥሪው ከዚያም ይቀንስ ነበር። አመልካቹ ቋንቋውን አቀላጥፎ እንደሚናገር መጻፉ እንኳ ልዩነቱን አላጠበበውም።

ሕጉ የመጣው እያዘገመ ነው። እንዲያውም የፌዴራሉ መንግሥት በ2008 «የካናዳ ልምድ» የሚል የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ መደብ በማቋቋሙ የአሠሪዎቹን ሚዛን ወደ ድንበሩ አመጣው ማለት ይቻላል። የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በ2013 ባወጣው መመሪያ የካናዳ ልምድን በጥብቅ መጠየቅ በመጀመሪያ እይታ አድልዎ መሆኑን ገለጸ። የክፍለ ሀገሩ የመሐንዲሶች ማኅበርም ለሙያ ፈቃድ ይጠይቀው የነበረውን የካናዳ ልምድ በግንቦት 2023 አነሣ። በመጨረሻም በ2024 የወጣው የኦንታሪዮ ሕግ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለሕዝብ በሚያወጣው የሥራ ማስታወቂያና በማመልከቻ ቅጹ ላይ የካናዳ ልምድ እንዳይጠይቅ ከለከለ፤ ክልከላውም ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ጸና።

የሒሳብ ምርመራ ድርጅቶች በዚህ ሕግ ሥር ናቸው። የቤይ ስትሪት ታላላቅ ባንኮች ግን አይደሉም። የባንክ ሠራተኛ ጉዳይ በካናዳ የፌዴራል ሥልጣን እንጂ የክፍለ ሀገር አይደለምና። ባንኮቹን የሚይዛቸው በ1995 የወጣው የሥራ ርትዕ ሕግ ሴቶችን፣ የአገሬውን ነባር ሕዝቦች፣ አካል ጉዳተኞችንና ነጭ ያልሆኑ ሰዎችን ስንት እንደ ቀጠሩ በየዓመቱ እንዲያስታውቁ ያዛል። በዚህ ቈጠራ ቶሮንቶ የተወለደ የሕንዳዊ ልጅና ትናንት ከሙምባይ የመጣ የባንክ ባለሙያ በአንድ ዓምድ ይደመራሉ። ስለዚህ ሪፖርቱ ያማረ ሲሆን እንኳ አዲሱ ሰው ገብቶ እንደሆነ ከዚያ አይታወቅም። የኦንታሪዮውም ሕግ የሚናገረው በማስታወቂያና በቅጽ ላይ ስለሚጻፈው ነው፤ በቃለ መጠይቁ ክፍል ውስጥ በቃል የሚጠየቀውን አይጠቅስም።